የነጋዴው ቅልጥምና የዦውዧንግ ገበያ

ለሸቀጥ ግዢ ሻንጋይ የወረደ ነጋዴ ዕቃው እስኪጫን አንድ ቀን ከተረፈው፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ተጉዞ ዦውዧንግን ቢያይ አይከስርም። በጂያንግሱ ክፍለ ሀገር በኩንሻን ሥር ያለችው ይህች ጥንታዊ ከተማ በሐይቆች የተከበበች፣ መንገዷ ቦይ፣ ጋሪዋ ጀልባ የሆነ ናት። አሮጌው ክፍሏ ግማሽ ስኩዌር ኪሎ ሜትር አይሞላም። ዛሬ ለገበያ የምታቀርበውም ይህንኑ አሮጌነቷን ነው።

ስሟ ራሱ የባለርስት ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1086 ዦው የተባለ ሰው መሬቱን ለቡድሃ ቤተ መቅደስ ስለሰጠ፣ ቦታው «የዦው ርስት» ተባለ። ዝናዋን ያገነነው ግን በ14ኛው ክፍለ ዘመን እንደኖረ የሚነገርለት ነጋዴ ሸን ዋንሳን ነው። በቦዮቹ ሸቀጥ እያመላለሰ ወደር የሌለው ሀብታም ሆነ ይባላል። እንደ አፈ ታሪኩ፣ ንጉሠ ነገሥት ዡ ዩዋንዣንግ የናንጂንግን ቅጥር ሲያስገነባ የአንድ ሦስተኛውን ወጪ የቻለው ሸን ነበር። በዚህ ሳያበቃ «ሠራዊቱንም እኔ ልሸልም» ቢል ንጉሡ ተቆጣና ወደ ሩቅ ዩናን አጋዘው። ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ይጠራጠሩታል። ነጋዴው ግን ትርጉሙ አይጠፋውም፤ ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ።

የሸን ዘር እ.ኤ.አ. በ1742 ያሠራው ግቢ ዛሬም ቆሟል። ከ100 በላይ ክፍሎች አሉት። አሠራሩ የንግድ ቤት አሠራር ነው። ከፊት የጀልባ ማቆሚያ፣ ቀጥሎ እንግዳ መቀበያና ጉዳይ መጨረሻ አዳራሽ፣ ከኋላ የቤተሰቡ መኖሪያ ይገኛል። በሌላው ትልቅ ግቢ፣ በዣንግ ቤት ደግሞ፣ ቦዩ በቤቱ መሀል ያልፋል። ዕቃ በጀልባ እስከ ጓዳ ይገባ ነበር ማለት ነው። የማጓጓዣ ሂሳብ የሚያስጨንቀው ሰው ይህን ሲያይ መቅናቱ አይቀርም።

የከተማዋ ምግብም የነጋዴውን ስም ይዟል። «የዋንሳን ቅልጥም» በአኩሪ አተር ስጎና በስኳር ቀስ ብሎ የበሰለ የአሳማ ቅልጥም ነው። ንጉሡ ሸን ቤት ተጋብዞ የምግቡን ስም ጠየቀ ይባላል። በቻይንኛ የአሳማና የንጉሡ የቤተሰብ ስም ድምፅ አንድ ስለሆነ፣ «የአሳማ ቅልጥም» ማለት አንገት ያስቀነጥስ ነበር። ሸን የራሱን እግር መታ አድርጎ «የዋንሳን ቅልጥም ነው» አለ። በንጉሥ ፊት ቢላዋ መምዘዝም ስለሚያሰጋ፣ ቀጭኑን አጥንት ከሥጋው ስቦ በእሱ ቆረሰው። አሳማ ለማይነካ መንገደኛ የሐይቁ ዓሳ አለ፤ የሠፈሩ አሮጊቶች መርፌ ሥራቸውን ይዘው እየተጨዋወቱ የሚጠጡት፣ በጨው የተዘፈዘፈ አትክልት የሚቀርብበት «የአያት ሻይ»ም አለ።

ይህ ሁሉ ገበያ ያገኘው በቅርቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ሠዓሊው ቼን ዪፌይ የዦውዧንግን መንታ ድልድዮች ሣለ። አሜሪካዊው የነዳጅ ባለሀብት አርማንድ ሐመር ሥዕሉን ገዝቶ ለዴንግ ሺያዎፒንግ በስጦታ አበረከተው። የከተማዋ ስም ከዚያ ወዲያ ከአገር አልፎ ተሰማ። የቶንጂ ዩኒቨርሲቲው ሩዋን ዪሳንም አሮጌው ክፍል ሳይፈርስ እንዲጠበቅ ተከራከሩ። በአካባቢው ፋብሪካ ሲስፋፋ ወደኋላ ቀረች የተባለችው ከተማ፣ ሌላው ያፈረሰውን ይዛ በመቆየቷ አተረፈች።

ችግሩ የመጣው ከትርፉ በኋላ ነው። አንዱ ቅልጥም ሸጦ ሲያተርፍ ጎረቤቱም ሸጠ፣ የጎረቤቱ ጎረቤትም ሸጠ። ዛሬ በጠባቡ ጎዳና በግራ በቀኝ የሚታየው አየር በሌለበት ፕላስቲክ የታሸገ ያው ቅልጥም ነው። የሚሸማና ቀርከሃ የሚጎነጉን ባለሙያ ባይጠፋም፣ አጠገቡ የፋብሪካ ማራገቢያና ቦርሳ ይደረደራል። የዪዉን የጅምላ ገበያ የሚያውቅ ነጋዴ ዕቃውን ሲያይ ይለየዋል። ቶንግሊ፣ ሺታንግና ዡጂያጂያዎም ያንኑ ቦይ፣ ያንኑ ድልድይና ያንኑ ቀይ ፋኖስ ይዘው ለዚያው ጎብኚ ይሻማሉ።

በዠጂያንግ ያለችው ዉዠን ሌላ መንገድ ሞከረች። እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተውን ምዕራባዊ ክፍሏን አንድ ኩባንያ ያስተዳድረዋል። አንዱ ሱቅ የሚሸጠውን ሌላው እንዳይደግም ደንብ አወጣ። ጎዳናው ሥርዓት ያዘ፤ በሰማያዊ ጨርቅ ማቅለሚያውና በሩዝ አረቄው ዙሪያ ሻሞ የለም። ዋጋው ግን ነዋሪው አስቀድሞ ቤቱን መልቀቁ ነበር። በዦውዧንግ ሻማው አብዝቶ ገበያው ተጣበበ፤ በዉዠን ገበያው ተስተካክሎ ባለቤቱ ተለወጠ።

እንግዲህ በአሮጌ ከተማ፣ በባህል ምግብ ወይም በእጅ ሥራ ላይ ገንዘቡን ሊያውል የሚያስብ ባለሀብት፣ «ስንት ጎብኚ ይመጣል?» ከማለቱ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ። ዕቃውን የሚሠራው ማን ነው? ከአሥር ሱቅ በኋላስ ምን ልዩነት ይቀረዋል? ለእነዚህ መልስ ካጣ፣ የገዛው ስሙን ብቻ ነው፤ ስም ደግሞ ጎረቤትም ይሸጠዋል።