ሰንበቴ እንደ አረጋውያን ማዕከል፦ ከዲማ ያየሁት

አንድ ኮርስ ላይ መምህራችን ስለ አረጋውያን ማዕከላት የሚያትት ጽሑፍ አምጥተውልን ነበር። በጽሑፉ የአንድ የውጭ አገር ማዕከል የሳምንት ፕሮግራም ተዘርዝሯል፤ ሰኞ ቀላል ስፖርት፣ ማክሰኞ የደም ግፊት ልኬት፣ ረቡዕ የሹራብ ሥራና የካርታ ጨዋታ፣ በየቀኑ ትኩስ ምሳ፣ በእግሩ መምጣት ለማይችል ደግሞ መኪና። ከዚያም «በየመጣችሁበት አካባቢ የዚህ አቻው ምንድን ነው?» ብለው በአንድ ገጽ እንድንመልስ አዘዙን። እኔን ጨምሮ አብዛኞቻችን «በእኛ አካባቢ እንዲህ ያለ አገልግሎት የለም» ብለን ጀመርን፤ የቀረውንም ገጽ በእጦቱ ሞላነው። ውጤቴም ደህና ነበር። ይህ ጽሑፍ ያንን ገጽ ለማረም የተጻፈ ነው።

በመጀመሪያ ማዕከል የሚባለው ነገር ከየት እንደመጣ ብናይ ጥሩ ነው። በአሜሪካ የመጀመሪያው የአረጋውያን ማዕከል ተብሎ የሚጠቀሰው በኒውዮርክ ከተማ በብሮንክስ ሰፈር በ1943 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ሆድሰን ማዕከል ነው። የአነሳሱ ታሪክ ለእኛ ትምህርት የሚስማማ ነው። የከተማው የእርዳታ ሠራተኞች አንድ ነገር አስተዋሉ፤ አረጋውያኑ ጉዳያቸው ካለቀ በኋላ እንኳ ቶሎ አይሄዱም፣ ተቀምጠው ማውራት ይፈልጋሉ። የጎደላቸው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ሰው ነበር። ስለዚህ የሚቀመጡበት ቤት ተከፈተላቸው። ምሳው፣ ጨዋታውና ልኬቱ ተከትሎ የመጣ ነው።

እንግዲህ ጥያቄውን እንዲህ እናዙረው፤ ዲማ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት ጉዳይ ሳይኖራቸው ሄደው የሚቀመጡበት፣ ቢቀሩ «ምን ነካቸው?» የሚባልበት ቦታ የት ነው?

በቢቸና በኩል የምትገኘውን ዲማን አንባቢ የሚያውቃት በሁለት ነገር ይመስለኛል። አንዱ የዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ትምህርት ነው። ሁለተኛው በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ ታሪኩ ከሚካሄድባቸው ስፍራዎች አንዷ ዲማ ናት። ደራሲው ራሳቸውም ዲማ ተምረዋል። እኔ ግን የማወራው ስለ ቅኔው አይደለም፤ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ጥግ ላይ ባለችው ዝቅ ያለች ቤት ውስጥ ስለሚሆነው ነው። ያች ቤት ሰንበቴ ቤት ናት። በአገራችን ገጠር በየደብሩ ስላለች ማንም ልብ አይላትም።

ከተማ ያደጉ ጓደኞቼ ሰንበቴን ከጽዋ ማኅበር ጋር ስለሚያምታቱት ትንሽ ላብራራ። ማኅበር በወር አንዴ በጻድቁ ወይም በታቦቱ ቀን በአባል ቤት ይደገሳል። ሰንበቴ ግን እሑድ እሑድ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ነው። አባላቱ ተራ አላቸው፤ ተራው የደረሰ ሰው ጠላውን ጠምቆ፣ ድፎውን ወይም እንጀራውን ጋግሮ፣ ንፍሮውን ቀቅሎ ያመጣል። ቄሱ ይባርካሉ፤ ይቆረሳል፤ ይጠጣል። አባል ያልሆነም አይከለከልም፤ መንገደኛ፣ የኔ ቢጤና የቆሎ ተማሪ ድርሻ አላቸው። ሥርዓቱን የሚመራው አባል «ሙሴ» ይባላል። ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ፣ የሚቀጥለው ባለ ተራ ማን እንደሆነ የሚቆጣጠር እሱ ነው።

አሁን ይህን ከዚያ የሳምንት ፕሮግራም ጋር አስተያዩት። ትኩስ ምግብ አለ። ጨዋታ አለ፤ ያውም የካርታ ሳይሆን የሰው ወሬ፣ የእህል ዋጋ፣ የዝናቡ ነገር። የተጣላ ሲኖር እዚያው ሽማግሌ ተይዞ ይታረቃል፤ ይኼ ለአረጋውያን ሥራ ነው፣ ለዚያውም የሚከበሩበት ሥራ። የታመመ አባል ይጠየቃል። ቤተ ክርስቲያን ደርሶ መመለሱ ራሱ የእግር ጉዞ ነው፤ አያቴ «ስፖርት ነው» ብላቸው ይስቁብኛል እንጂ። በጀት የለውም፣ ሠራተኛም የለውም፣ የፕሮጀክት ማብቂያ ቀንም የለውም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሳው ግጭት መንገድ በየጊዜው ሲዘጋ፣ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ ሲቋረጥ፣ እኔ እዚያ በነበርኩባቸው እሑዶች ሰንበቴው አልቀረም። ጠላው ቀጠን ብሎ ይሆናል፤ ሆኖም ነበር።

እስከዚህ ድረስ ብቻ ብጽፍ ኖሮ ሁለተኛው ገጼም እንደ መጀመሪያው ስህተት ይሆን ነበር።

አያቴ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ጊዜ ባለ ትዳር ነበሩ። አያቴ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ ደፍተው እማሆይ ሆኑ፤ በእኛ አገር ብዙ ባልቴቶች እንደሚያደርጉት ማለት ነው። ገዳም አልገቡም፤ ቤታቸው ሆነው ይጾማሉ፣ ይጸልያሉ፣ ጥጥ ይፈትላሉ። ለትንሣኤ የሄድኩ ጊዜ ከበዓሉ በኋላ ባለው እሑድ ቤት ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«እማሆይ፣ ዛሬ ሰንበቴ አይሄዱም?» አልኳቸው።

«ጉልበቴን እያመመኝ ነው» አሉ።

ቅዳሴ ግን አስቀድሰው መመለሳቸው ነበር። ሰንበቴ ቤቱ ከቤተ መቅደሱ ሃምሳ እርምጃ አይርቅም። ይህን ስላቸው ዝም አሉና እንዝርቱን አሽከረከሩ። ቆይተው «የሰው ጠላ ጠጥቶ ጠጥቶ ተራ አለማውጣት ምን ይባላል፣ ልጄ?» አሉኝ።

ነገሩን ቀስ በቀስ ሰማሁ። ተራቸው ደርሶ ሁለት ጊዜ አሳልፈውታል። ማንም አልወቀሳቸውም። እንዲያውም ሙሴው «እማሆይ፣ አንቱማ ድሮ ደግሰው ጨርሰዋል፤ ዝም ብለው ይምጡ» ብሏቸዋል። ክፉ ቃል የተናገረ ሰው የለም፤ ቢኖርማ ይቀል ነበር። እሳቸው ግን «ዝም ብሎ መምጣት» የሚለውን ቃል አልወደዱትም። በእሳቸው ቋንቋ ዝም ብሎ የሚመጣው የኔ ቢጤው ነው።

እህል አጥተው ይሆን ብዬ ነበር፤ አይደለም። ጥቂት ጥማድ መሬት አላቸው፤ ለእኩል አራሽ ሰጥተው ድርሻቸውን ያገባሉ። ጠላ መጥመቅ ግን እህል ብቻ አይደለም። ገብሱን አሻሮ መቁላት፣ ብቅሉን ማብቀል፣ ጌሾውን መውቀጥ፣ ጋኑን ማጠብና ማጠን፣ ከሁሉም በላይ ውኃና እንጨት መሸከም ነው። ይህ የሴት ልጅ ጉልበት ይፈልጋል። ሴት ልጆቻቸው አንዷ ባሕር ዳር፣ አንዷ አዲስ አበባ ናቸው። ገንዘብ ይልካሉ፤ ገንዘብ ግን ውኃ አይቀዳም። እኛ በክፍል ውስጥ ድህነትን በገቢ ስንለካ የሚያመልጠን እንዲህ ያለው ነገር ይመስለኛል፤ ጎተራው ሞልቶ ሰው የሌለበት ቤት አለ።

ወንዶቹ ላይ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። አሮጌ ወንድ ተራውን የምታወጣለት ሚስት ወይም ምራት ትኖረዋለች፤ ሚስቱ ከሞተችና ልጆቹ ከወጡ እሱም እንደ አያቴ ይቀራል። ከሁሉ የተሻለ ያለው የቅኔ መምህር ነው። ዓይኑ ቢደክም፣ ጉልበቱ ቢከዳው የተማሪዎቹ ክበብ አይለየውም፤ በትሩን የሚይዙለት፣ ከለመኑት የሚያካፍሉት፣ እሳት የሚያነዱለት አሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እስከ መጨረሻው የሚሰጠው ነገር አለው። እርጅና የሚነካው የውኃና የእንጨት ጉልበትን እንጂ ያንን አይደለም።

ታዲያ መንግሥትስ? ያለውን ባጭሩ ላንሳ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በሚፈቅደው መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋጅ አለ፣ የግል ድርጅት ሠራተኛውም ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ተካቷል፤ ገበሬና የገበሬ ሚስት ግን የሉበትም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል፤ ሆኖም ምግብ ዋስትና የጎደላቸው ተብለው በተመረጡ ወረዳዎች ነው። ጤፍ አምራች በሚባል ወረዳ ያለ ደካማ ሽማግሌ የወረዳው ስም ያሳልፈዋል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ከዚያ ሰፍቷል፤ መክፈል ለማይችሉት ወጪው ይሸፈናል። ይኼኛው እውነትም ጠቃሚ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ግን ሲጀመር ከነበሩት 16 ፓኬጆች በአረጋውያን ስም የተሰየመ አንድም አልነበረም።

የመሬቱንም ነገር ማለፍ አይቻልም፤ በገጠር የአሮጌ ሰው ጡረታ መሬቱ ነውና። በ1989 ዓ.ም. በክልላችን መሬት ከተከፋፈለ ወዲህ እንዲያ ያለ ሰፊ ሽግሽግ ስላልተደረገ ያኔ ልጅ የነበረው ብዙው ወጣት መሬት የለውም፤ አሮጌው አለው። ስለዚህ አንዱ ይጦራል፣ ሌላው መሬቱን ያወርሳል። ለዚህም ነው በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 (በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል) «የቤተሰብ አባል»ን በደም ያልወሰነው፤ መተዳደሪያ እየተጋራ በቋሚነት አብሮ የሚኖረውን ሰው ብሎታል። ጥሩ ድንጋጌ ነው። ነገር ግን አያቴን የሚጦር አላጡም፤ ያጡት ተራ ነው።

አዲስ አበባ ያለው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከልም ብዙ ጊዜ ይነሳል። አቶ ቢኒያም በለጠ በቤተሰባቸው ቤት የጀመሩት ይህ ማዕከል ከጎዳና የሚያነሳቸውን ሰዎች ያስጠልላል፤ ሥራው የሚያስመሰግን ነው። የሚያገለግለው ግን ማንም የሌለውን ነው። ቤት ያላቸው፣ እህል ያላቸው፣ እሑድ ብቻቸውን የሚቀሩት በየትኛውም መዝገብ አይገኙም።

በሰንበቴ ቤት መዝገብ ግን ይገኛሉ፤ ልብ በሉ። ሙሴው ማን እንደቀረ ያውቃል። የጤና ባለሙያ በዓመት ሁለት ሦስት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ብቅ ቢልና የቀሩትን ስም ቢጠይቅ፣ ቤት ለቤት ሳይዞር ማንን መጎብኘት እንዳለበት ያውቃል። የዓይኑን ጉዳይ ብቻ ብንወስድ እንኳ፣ በክልላችን ትራኮማ ከባድ ነው፣ እኛ ማዝ የምንለው። ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ እየታጠፈ የሚወጋቸው አሮጊቶች በወረንጦ እየነቀሉ ይኖራሉ፤ በጤና ጣቢያ ደረጃ በሚሠራ ቀላል ቀዶ ሕክምና ግን ይስተካከላል። የጓደኛዬ አያት ይህን የሰሙት ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ ነው። ሰንበቴ መሄድ ካቆሙ ቆይተው ነበር።

ተራውን በተመለከተ ደግሞ አንድ ነገር አየሁ። በዚያው ሰሞን ሁለት አባላት «ተራው ያንተ ነው፣ ያንተ ነው» ተባባሉ። ሙሴው አዲስ ስለሆነ ማን ከማን ቀድሞ እንደገባ አያውቅም፤ ደብተሩም ዝናብ በልቶታል። አንድ ልጅ ወደ እማሆይ ተላከ። እሳቸው የሠላሳ ዓመቱን ተራ በቃላቸው ያውቁታል፤ ማን በማን ሠርግ ዓመት እንደገባ፣ የማን ተራ በማን ለቅሶ እንደተላለፈ ጭምር። ልጁን «እንዲህ በል» ብለው ሊልኩት ጀመሩና አቋረጡ።

«ያምታታዋል፤ እኔው እነግራቸዋለሁ» ብለው ነጠላቸውን አነሱ።

ያን ዕለት ገብተው ተቀመጡ፣ ፈረዱ፣ ጠላም ጠጡ። ከዚያ ወዲህ አንድ የጎረቤት ልጅ በአዲስ ደብተር እሳቸው እየነገሩት ተራውን ሲጽፍ ነበር። በየሳምንቱ ይሄዳሉ ማለት አይደለም። በስልክ ሳገኛቸው አንዳንዴ ሄጃለሁ፣ አንዳንዴ ቀርቻለሁ ይሉኛል፤ ሲቀሩ አሁንም ምክንያታቸው ጉልበት ነው። በዚህኛው ግን አምናቸዋለሁ። የሰንበቴ ቤቱ መደብ እጅግ ዝቅ ያለ ስለሆነ አንዴ ከተቀመጡ ያለ ሁለት ሰው እርዳታ አይነሱም። ከፍ ያለ መቀመጫ ቢሠራ ብዬ ለሙሴው ነግሬዋለሁ፤ እንጨቱን እኔ እንድገዛ፣ አናጢውን እነሱ እንዲያመጡ ተስማምተናል። መንገዱ ሲከፈት እሄዳለሁ።