የቤት ዋይፋይና ቁልፉ

ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ ባሉት ከተሞች ልጁን ወይም ወንድሙን ደቡብ አፍሪካ የላከ ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ናፍቆት የሚወጣውም በዋትሳፕና በኢሞ ቪዲዮ ነው። ብቻውን ለሚኖር ሰው የሞባይል ፓኬጅ ይበቃዋል፤ ዋይፋይ ማስገባት ግድ አይደለም። እናት ስትደውል፣ ተማሪው ሲያጠና፣ ተከራዩም ሲጠቀም ግን የቤት መስመር የተሻለ ነው። መስመሩ ከገባ በኋላ ይቆለፍ ወይስ ክፍት ይተው ለሚለው ጥያቄ መልሴ ይቆለፍ የሚል ነው፤ ማን እንደሚገባ የሚወስነው ባለቤቱ መሆን አለበትና።

ራውተሩ መስመሩን በሬዲዮ ሞገድ ይበትነዋል፤ ሞገዱም በአጥር አይቆምም። ፓስዎርዱ መግቢያውን ከመጠበቅ ባሻገር በአየር የሚተላለፈውን መረጃ ለመመስጠር ያገለግላል። ሁሉም ምስጠራ ግን እኩል አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ዌፕ የተባለው የምስጠራ ዘዴ በ2001 ደካማነቱ በተመራማሪዎች ተጋልጧል። ዛሬ የሚመረጠው ደብሊው ፒ ኤ 2 ወይም እ.ኤ.አ. በ2018 የመጣው ደብሊው ፒ ኤ 3 ነው። ብዙ ሰው የሚረሳው የራውተሩን የራሱን የማስተካከያ ገጽ ፓስዎርድ ነው፤ ከፋብሪካ እንደመጣ ከተተወ፣ ኔትወርኩ ውስጥ የገባ ሰው ቅንብሩን ለውጦ ቤተሰቡን ወደ ሐሰተኛ ድረ ገጽ ሊመራ ይችላል።

«ቴሌብርና የባንክ መተግበሪያዎች ራሳቸው ይመሰጥራሉ፤ ምን ያስፈራል?» የሚል አለ። እውነቱን ነው፤ የሚስጥር ቁጥር ከአየር ላይ በቀላሉ አይለቀምም። ሆኖም በክፍት ዋይፋይ ገብቶ ሰው ያጭበረበረ ቢኖር፣ ፍለጋው መጀመሪያ የሚያደርሰው መስመሩ በስሙ ወደተመዘገበው ሰው ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ባለበት አገር ይህ ቀላል ጣጣ አይደለም። ፍጥነቱም ለማይታወቅ ሰው ሲከፋፈል የእናትየው ጥሪ ይቆራረጣል።

ከባዱ ተቃውሞ የጉርብትናው ነው፤ ቡና የሚጠራራ ሰው ዋይፋይ እንዴት ይከለክላል? መከልከል የለበትም። ብዙ ራውተሮች የእንግዳ ኔትወርክ አላቸው፤ ለጎረቤትና ለተከራይ የእሱን ፓስዎርድ መስጠት ይቻላል። ይህ ከደግነትም በላይ ጥቅም አለው፤ በደብሊው ፒ ኤ 2 አንዱን ፓስዎርድ የሚያውቁ ሁሉ፣ ሙያው ካላቸው፣ የሌላውን ግንኙነት ሊጠልፉ ይችላሉና ዋናው ለቤተሰብ ብቻ ይሁን። ፓስዎርዱ ረጅም ይሁን፤ የስልክ ቁጥር አይሁን፤ ተከራይ ሲለቅም የእንግዳው ይቀየር።