የጓሮ ሽንኩርትና የአዝመራ ነገር

በአስመራ ከተማ ከምንኖርበት ቤት በስተጀርባ ርዝመቱ 12፥ ወርዱ 6 ሜትር የሚሆን ቦታ አለ። ቤቱን በተከራየንበት ዓመት የድንጋይ፥ የጠርሙስ ስባሪና የአሮጌ ቆርቆሮ መጣያ ነበረ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን በየሳምንቱ አትክልት መኮትኮት ግዴታችን ስለ ነበረ፥ ቦታውን ባየን ጊዜ «ይህማ ቀላል ነው» አልን። እንደዚህ ማለታችን ስሕተት መሆኑን ለመረዳት ብዙ ክረምት አልፈጀብንም።

የአስመራ ደጋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው። በዓመት የሚዘንብለትም ዝናብ 500 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን፥ ከዚሁ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። ስለዚህ የጓሮ አትክልት የሚያበቅል ሰው ሁለት ወር ውኃ በዝቶበት ይጨነቃል፤ በቀሩት ወራት ደግሞ ውኃውን በባልዲ እየለካ ያጠጣል። በቤታችን በበጋ ወራት የፈሰሰ ውኃ የለም ለማለት እንችላለን። እህልና አትክልት የታጠበበት ለጎመኑና ለሰላጣው ይሰጣል፤ ሳሙና የነካው ግን በአጥሩ ላይ ለሚወጣው ቡገንቪሊያ ይተዋል፤ እርሱም እስካሁን አላጉረመረመም። የምናጠጣውም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። በቀትር የሚጠጣ መደብ ውኃው ይበልጥ ይተንበታልና።

በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል ውርጭ ይመጣል፤ በትግርኛ አስሓይታ የምንለው ነው። ማታ አረንጓዴ ሆኖ የተውነው ቲማቲም ጧት እሳት የነካው መስሎ ጠቁሮ ይገኛል። ጎመን ግን ውርጭ ሲያገኘው እንዲያውም ይጣፍጣል። ቲማቲምን ነገሬ ካልን አይቀር፥ እኛ ኮሚደረ ብለን ስሙን ከኢጣልያኖች እንደ ወሰድነው ሁሉ ጠባዩም የእንግዳ ነው፤ በበጋ ውርጭ፥ በክረምት ደግሞ ዋግ ይገድለዋል። የመዳብ ሰልፌትና የኖራ ውሕድ ለዚህ ያገለግላል፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1885 በፈረንሳይ አገር በቦርዶ ለወይን ተክል መድኃኒትነቱ የታወቀው ነው። እኛ ግን የረጨነው ቅጠሉ ከታመመ በኋላ ነበር። ውሕዱ ቀድሞ ይከላከላል እንጂ የታመመውን አያድንም።

አሁን ወደ ሽንኩርቱ እንመለስ፤ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣንም እርሱ ነው።

ወደዚህ ቤት በገባን በመጀመሪያው ዓመት በመስከረም ወር አባታችን ዐረፉ። በጥር ላይ እናታችን ከገጠር እንዲህ ብለው ላኩብን፤ «አባትህ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከእጃቸው ሥራ የበሉ ሰው ናቸው። ለሙት ዓመታቸው የሚገባው ሽንኩርት ከገበያ አይገዛ። ጓሮ አለው ሲሉ እሰማለሁ።» ሁለት መቶ ሰው የሚጠራበት ተዝካር ምን ያህል ሽንኩርት እንደሚፈጅ ወጥ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ባለቤታችን አስበው 80 ኪሎ ይበቃል አሉ። እኛም እሺ ብለን መልሰን ላክን።

በመሥሪያ ቤታችን አፋቸውን በአማርኛ የፈቱ፥ በአትክልት ሥራም የሠለጠኑ አንድ ሽማግሌ ባልደረባ ነበሩ። የሽንኩርት ችግኝ መቼ ቢተከል እንደሚሻል ብንጠይቃቸው «አዝመራ ካለፈ በኋላ ይትከሉት፤ ያኔ ይቀናዎታል» አሉን። ቃላቸውን በማስታወሻችን ጻፍን፤ አመስግነንም ወጣን። የተዝካሩን ቀን ግን አልነገርናቸውም።

እንደ እኛ አማርኛን በመማር ላይ ያላችሁ አንባቢዎች እዚህ ላይ ልብ በሉ። በትግርኛ አዝመራ ማለት በመጋቢትና በሚያዝያ የሚዘንበው ትንሹ ዝናብ፥ ወራቱም ነው፤ ይህን አማርኛ በልግ ይለዋል። በአማርኛ ግን አዝመራ በማሳ ላይ ያለው እህልና የመሰብሰቢያው ወራት ነው። እንግዲህ ሽማግሌው አዝመራ ካለፈ በኋላ ሲሉን፥ አጨዳው ካበቃ በኋላ፥ ይኸውም ከኅዳር ወዲያ ማለታቸው ነበር። ጆሯችን የሰማው የገዛ ቋንቋውን ነውና፥ ዘሩን በመጋቢት አፍልተን፥ ዝናቡ ሲያባራ በግንቦት አጋማሽ ችግኙን ተከልን። ከግንቦት እስከ መስከረም አራት ወር መሆኑ፥ ሽንኩርትም ከተተከለ በኋላ አራት ወር ያህል የሚፈልግ መሆኑ፥ ነገሩን ይበልጥ አሳመነን።

ሰኔ መልካም ነበር። ጎረቤቶች በአጥር ላይ እያዩ አደነቁልን። ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ በረታ፤ መደቡን ከፍ አድርገን ባለመሥራታችንና የውኃ መውረጃ ባለመቅደዳችን፥ ጭቃው ውኃውን ይዞ ተኛ። በቅጠሉ ላይ ወይን ጠጅ የመሰለ ነጠብጣብ ታየ። በነሐሴ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የወረደው በረዶ የቀረውን አጋደመው። በጳጉሜን ቆፍረን ብናወጣው አብዛኛው በጣት ሲጫኑት የሚፈርጥ ሆኖ ተገኘ። ለምግብ የሚሆነው 11 ኪሎ ነበር። የዚያን ዕለት ማታ በቤታችን ብዙ ንግግር አልነበረም።

በክረምት መውጫ ሽንኩርት ውድ ነው። ባለቤታችን ተራቸው ያልደረሰውን የዕቁብ ገንዘብ ከአንዲት ወዳጃቸው ለውጠው፥ የጐደለውን ከገበያ ገዛን። ለእናታችን ግን አልተናገርንም። ይህ ዛሬም ያሳፍረናል።

እናታችን በዋዜማው መጡ። በጆንያ ያለውን ሽንኩርት አገላብጠው አዩና ዝም አሉ። አመሻሹ ላይ ወደ ጓሮ ወጥተው ባዶውን መደብ በእግራቸው ነካ ነካ አድርገው «ይህ የገበያ ነው፤ ያንተስ የት ደረሰ?» አሉን። የአዝመራውን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርናቸው። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው ቆዩ፤ እያለቀሱ መስሎን ቀረብ ብንል «በአባትህ ተዝካር ዋዜማ አሳቅኸኝ፤ እግዚአብሔር ይይልህ» አሉ። ከዚያም የቀሩትን 11 ኪሎ አስመጥተው ለብቻው አስከተፉና፥ ለካህናቱ የሚቀርበው ወጥ በእርሱ ብቻ ይሠራ ብለው አዘዙ።

ሽማግሌው ባልደረባችን ነገሩን በጥቅምት ሲሰሙ ከእኛ ይልቅ አዘኑ። በኅዳር አንድ ቅዳሜ የራሳቸውን መኰትኰቻ ይዘው መጡ። መደቡን አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አደረግነው፤ የበሰበሰ ፍግ ቀላቀልን፤ ችግኙን በመካከሉ 10 ሳንቲሜትር እየተውን ተከልን። በመጋቢት ቅጠሉ በራሱ ሲጋደም ውኃ ከለከልነው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነቅለን በጥላ ሥር አሰጣነው። 64 ኪሎ ሆነ። ግማሹን ባለቤታችን እንደ ሹሩባ ጐንጉነው በማድ ቤቱ ጣራ ሥር ሰቀሉት፤ ከዚያም ሁለት ጕንጕን ለእናታችን፥ አንድም ለሽማግሌው ላክን።

ሽማግሌው አሁን በጡረታ ላይ ናቸው፤ ጕንጕናቸውን ግን በየዓመቱ በሚያዝያ ይጠብቃሉ። ዘንድሮ ዘሩን በመስከረም መጨረሻ አፍልተናል፤ ችግኙም እርሳስ አክሏል። ውኃ በቧንቧ ከመጣ ስድስት ቀን ሆኖታል፤ በበርሜሉ የቀረው ለሦስት ማታ ቢበቃ ነው። ልጆቻችን ጆንያ እየጐተቱ ቲማቲሙን በማልበስ ላይ ናቸው።