ሳጥኑ የማን ነው?

«ልጄ፣ ቴሌቪዥኑን ጃም አደረጉብኝ መሰለኝ፤ ቶሎ ድረስልኝ!»

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ስልኬን ሳነሳ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር። የደወሉልኝ በምንኖርበት ከተማ ሁላችንም «እማማ» እያልን የምንጠራቸው፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከሐኪም ቀጠሮ በቀር ከቤት የማይወጡ እናት ናቸው። የአገራቸውን ወሬ የሚሰሙት ከቴሌቪዥናቸው ሥር በተቀመጠች፣ ከመዳፍ በማትበልጥ ጥቁር ሳጥን ነው። ሳጥኗን ከዓመታት በፊት ገዝቼ የገጠምኩላቸው እኔ ስለሆንኩ፣ ስትበላሽም ተጠሪው እኔው ነኝ።

ውድ አንባቢያን፣ እማማ «ጃም አደረጉብኝ» ማለታቸው የሚያስቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ኢሳት ስርጭቱን ከጀመረ በኋላ ሞገዱ ስንት ጊዜ እንደታፈነ፣ ከአንዱ ሳተላይት ወደ ሌላው ስንት ጊዜ እንደተንከራተተ የምናስታውስ እናስታውሳለን። ዓረብሳት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2014 ሳተላይቶቹን የሚያውከው ሞገድ ከኢትዮጵያ ምድር እንደሚነሳ በይፋ ተናግሯል። አገር ቤት ያለው ወገናችን ጣራ ላይ ወጥቶ ዲሽ ሲያዞር እጁ ዛለ። ውጭ ያለነው ደግሞ ማንም ሞገድ ሊያፍንበት ወደማይችለው ወደ ኢንተርኔቱ ሳጥን ተሻገርን። «እፎይ፣ ከእንግዲህ ማን ያቋርጠናል?» አልን።

እማማ ቤት ደርሼ ሳየው ሳጥኑ ይበራል። ኢንተርኔቱም ይሠራል። ጣቢያውን ስንከፍት ግን አንዲት አጭር መልእክት ትወጣለች፤ ይህ አገልግሎት ከእንግዲህ በዚህ መሣሪያ ላይ አይሠራም ትላለች። ማን ወሰነ? መቼ ወሰነ? ለምን ወሰነ? አንዱም አልተጻፈም። ከመልእክቱ በታች የሚጫን አንድ ቁልፍ ብቻ አለ፤ እሱም «እሺ» ይላል።

እማማ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡትና፣ «እሺ ካላልኩስ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝም ይኸው ጥያቄያቸው ነው።

ደኅና ዕቃ እንዴት ይሞታል?

የእማማ ሳጥን አልተሰበረም፣ አልተቃጠለም፣ ውኃ አልነካውም። እንዲህ ያለ ደኅና ዕቃ የሚሞትባቸው መንገዶች በጥቅሉ ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም በአደባባይ ታይተዋል።

አንደኛው የቁልፍ ማርጀት ነው። ፊልም አከራዮች ምስሉ እንዳይሰረቅ በቁልፍ ቆልፈው ይልካሉ፤ ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ መክፈቻው አለ። የቁልፉ ዓይነት ሲቀየር አሮጌው ሳጥን ውጭ ይቀራል። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 በመጀመሪያዎቹ የሮኩ ሳጥኖችና በአንዳንድ የ2010 እና የ2011 የሳምሰንግ ቴሌቪዥኖች ላይ መሥራቱን አቆመ። ኩባንያው የቴክኒክ ገደብ ነው ብሎ አለፈው። የዘርፉ ጋዜጦች እንዳብራሩት ግን እነዚያ ዕቃዎች የሚያውቁት የማይክሮሶፍትን የድሮ ቁልፍ ብቻ ነበር፤ ኔትፍሊክስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ አዲሱ ቁልፍ ተሻግሯል።

ሁለተኛው የምስክር ወረቀት ጊዜ ማለፍ ነው። ሳጥኑ ከጣቢያው ጋር ከመነጋገሩ በፊት አንዱ ለሌላው መታወቂያ ያሳያል። መታወቂያው እንደ ፓስፖርት የሚያበቃበት ቀን አለው። ቀኑ ካለፈና የሚያድስ ከሌለ፣ ትናንት ማታ የሠራው ሳጥን ዛሬ ጠዋት ባዕድ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 30 ቀን 2020 ብዙዎች የሚመኩበት አንድ የቆየ የምስክር ወረቀት ጊዜው ሲያበቃ አንዳንድ የሮኩ ቻናሎች በድንገት ተቋረጡ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 2025 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ለገበያ የቀረበው ሁለተኛው ትውልድ ክሮምካስት በየአገሩ በአንድ ጊዜ ተዘጋ። ምክንያቱ ለ10 ዓመት ብቻ የተሰጠ የምስክር ወረቀት ዕድሜው ማብቃቱ ነበር። ጉግል ከጥቂት ቀናት በኋላ ማስተካከያ ልኮ ሳጥኖቹን መልሷቸዋል። ልብ በሉ! ከ10 ዓመት በኋላም ቢሆን፣ የሚያድስ ፈቃደኛ ከተገኘ ዕቃው ይድናል ማለት ነው።

ሦስተኛው የአቅም ማነስ ነው። የምስል ማመቂያ ዘዴው በየጊዜው ይቀየራል። የዛሬ 15 ዓመት የተሠራ ቺፕ ኤች 264 የተባለውን ያነባል፤ ከእሱ በኋላ የመጡትን እነ ኤቪ1ን ግን አያነብም፣ በሶፍትዌር ማሻሻያም አይማርም። መተግበሪያዎቹም በየዓመቱ ይወፍራሉ፣ የሳጥኑ ማስታወሻ ግን ተገዝቶ በመጣበት መጠን ይቀራል። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2015 አሮጌውን የመገናኛ መስመሩን ሲዘጋ እ.ኤ.አ. በ2012 እና ከዚያ በፊት የተሠሩ ብዙ ቴሌቪዥኖችና ሳጥኖች ዩቲዩብ አልባ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ሦስተኛው አፕል ቲቪም እ.ኤ.አ. በ2021 ዩቲዩብን፣ በሐምሌ 2024 ማብቂያ ደግሞ ኔትፍሊክስን አጥቷል።

ኩባንያዎቹም መከራከሪያ አላቸው

ሚዛናዊ ለመሆን ያህል፣ ሁሉም ነገር ስግብግብነት ነው አልልም። ለዘለዓለም ለእያንዳንዱ አሮጌ ዕቃ ሶፍትዌር መጻፍ ገንዘብም ጉልበትም ይጠይቃል። ቀዳዳው ሳይደፈን ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ የሚኖር ሳጥን በሩ ገርበብ ያለ ቤት ነው። ከእኛ የበለጠ ይህን ሊረዳ የሚገባው ስደተኛ ማኅበረሰብ ደግሞ ያለ አይመስለኝም።

ለምን? ሲቲዝን ላብ የተባለው የካናዳ የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 የኢሳት ጋዜጠኞች የሃኪንግ ቲም በተባለው ኩባንያ የስለላ ሶፍትዌር ዒላማ መደረጋቸውን አጋለጠ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ያወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በሌሎችም አገሮች ያሉ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች እንዴት እንደተጠመዱ ዘረዘረ። መጥመጃው ምን ነበር? ለተጠቂው የቪዲዮ ማያ የሚመስል ገጽ በኢሜይል ይላክለታል። ሊያይ ሲጫን ቪዲዮውን ለማየት መጀመሪያ አዶቤ ፍላሽን ያሻሽሉ ይባላል። «ማሻሻያ» የተባለው ራሱ ሰላዩ ነበር!

አያችሁ የተያዝንበትን ወጥመድ? እውነተኛው ማሻሻያ ለአሮጌው ዕቃችን አይመጣም፤ ሐሰተኛው ደግሞ ሳይጠሩት ይመጣል።

በዚህ ላይ ሌላ አለ። የታወቀው ሳጥን ሲዘጋባቸው ወገኖቻችን ወዴት ይሄዳሉ? «የዓረቡንም፣ የሐበሻውንም፣ የአሜሪካውንም ጣቢያ ያለ ክፍያ ያሳያል» ወደሚባለው፣ ሠሪው ማን እንደሆነ ወደማይታወቀው የአንድሮይድ ሳጥን ነው። የአሜሪካው ኤፍ.ቢ.አይ. እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ባድቦክስ 2.0 የተባለው ተንኮል አዘል ሶፍትዌር እንዲህ ባሉ ሳጥኖች ውስጥ ገና ሳይሸጡ ተጭኖ እንደሚገኝ ገልጿል። ጉግል በቀጣዩ ወር ክስ ሲመሠርት የተጠቁትን ዕቃዎች ከ10 ሚሊዮን በላይ አድርሷቸዋል። እንዲህ ያለው ሳጥን የቤትዎን ኢንተርኔት ለማያውቁት ሰው መተላለፊያ ያደርገዋል። ሌላው በእርስዎ አድራሻ ወንጀል ይሠራበታል። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያላለቀለት ወገናችን ይህን ቢያስብበት መልካም ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ «ለምን አሮጌ ዕቃ ለዘለዓለም አይኖርም?» አይደለም። ጥያቄዬ፣ ዕቃውን ስንገዛ እስከ መቼ እንደሚኖር ለምን አልተነገረንም የሚለው ነው። ወተት እንኳ የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበት ይሸጣል!

የምንኖርበት አገር ሕግ ምን ይላል?

በዚህ ረገድ ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 29 ቀን 2024 ጀምሮ ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኝ የቤት ዕቃ አምራች የደኅንነት ማሻሻያውን ቢያንስ እስከ መቼ እንደሚሰጥ እንዲያሳውቅ በሕግ አስገድዳለች። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 በሥራ ላይ ያዋለው የሳይበር ደኅንነት ሕግ ዋና ዋና ግዴታዎቹ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 11 ቀን 2027 ጀምሮ የሚጸኑ ሲሆን፣ ዕቃው በባሕርዩ ዕድሜው አጭር ካልሆነ በቀር ቢያንስ ለ5 ዓመት የደኅንነት ማሻሻያ እንዲሰጠው ያዛል። አሜሪካ ግን ወደኋላ ቀርታለች። የፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ባወጡት ዘገባ 184 ምርቶችን መርምረው፣ 89 በመቶ ለሚጠጉት አምራቾቹ በድረ ገጻቸው ላይ ማሻሻያው እስከ መቼ እንደሚቆይ እንዳልገለጹ አረጋግጠዋል።

እነዚህ ሕጎች ስለ ደኅንነት ማሻሻያ ናቸው እንጂ አንድ ጣቢያ መተግበሪያውን እንዳይዘጋ አያስገድዱም። ቢሆንም ጅምሩ ጅምር ነው። ግብር እየከፈልን፣ ድምፅ እየሰጠን በምንኖርበት አገር ይህ የእኛም ጉዳይ ነው። ስለ አገራችን ጉዳይ ለኮንግረስና ለፓርላማ አባላት ደብዳቤ መጻፍ የለመደው ብዕራችን ለዚህስ ለምን ይሰንፋል?

ከራሳችንስ ምን ይጠበቃል?

ኩባንያዎቹን ብቻ ወቅሶ መቀመጥ አይበቃም። በስደት ያሉ የቴሌቪዥን ጣቢያዎቻችንም የሚጠየቁበት ነገር አለ። ተመልካቾቻችሁ እነማን ናቸው? አዲስ ዕቃ በየዓመቱ የሚቀያይረው ወጣት ነው ወይስ እማማ? መተግበሪያችሁን ስታሳድሱ በኤች 264 የሚሄደውንና በዝቅተኛ ጥራት የሚተላለፈውን መስመር አትዝጉት። መዝጋት ግድ ከሆነም ከወራት በፊት በራሳችሁ ስርጭት፣ በአማርኛ፣ ደጋግማችሁ ንገሩ። በአንድ ኩባንያ ሳጥን ብቻ አትንጠልጠሉ። ድምፁን ለብቻው በስልክ ማዳመጥ ይቻል እንደነበር የታክሲ ሾፌሮቻችን ይመሰክራሉ። ያ ዓይነቱ መጠባበቂያ ዛሬም ያስፈልጋል። በደርግ ዘመን ድምፁን ቀንሰን የምናዳምጠው የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ቢታፈንም እንኳ፣ ሬዲዮኑ ራሱ «አርጅቻለሁና አልሠራም» ብሎን አያውቅም ነበር።

ለአንባቢዬ ደግሞ ከልምዴ ያገኘሁትን ላካፍል። ሳጥኑ ድንገት ሲያስቸግር መጀመሪያ ሰዓቱንና ቀኑን እዩ፤ ቀኑ ከተዛባ መታወቂያው ሁሉ ጊዜው ያለፈ ይመስለዋል። ወደ ፋብሪካ ይዞታው ለመመለስ አትቸኩሉ። በመጋቢት 2025ቱ የክሮምካስት መቋረጥ ጊዜ ጉግል ተጠቃሚዎች ይህን እንዳያደርጉ አስጠንቅቋል፤ ቸኩለው ያደረጉት መልሶ ለመግጠም ተቸግረዋል። ማሻሻያ የሚወሰደው ከሳጥኑ ከራሱ ማስተካከያ ገጽ ብቻ ነው፤ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም የመጣን «አፕዴት» አትንኩ። የጥበቃ ሶፍትዌሩን አጥፉልኝ የሚል ሳጥን ካጋጠማችሁ ወደ ሻጩ መልሱት።

ደግሞም ቴሌቪዥኑን አትጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ ያረጀው በውስጡ ያለው ሶፍትዌር እንጂ መስተዋቱ አይደለም። ኤችዲኤምአይ መሰኪያ ካለው ከጀርባው የምትሰካ አንዲት ትንሽ አዲስ ዕቃ ታድሰዋለች። ቀይ፣ ነጭና ቢጫ ገመድ ብቻ ላለው ጥንታዊ ቴሌቪዥንም መቀየሪያ ይሸጣል። ባለ 4ኬው ምስል ግን አዲስ የጥበቃ ቁልፍ ስለሚፈልግ በአሮጌ ቴሌቪዥን አይመጣም፤ ለዜናና ለቅዳሴ ደግሞ 4ኬ ምን ያደርጋል?

ወደ እማማ ልመለስና ላብቃ። ከሱቅ አዲስ ዕቃ ገዝቼ ሰካሁላቸው። የይለፍ ቃሉን ሦስት ጊዜ ተሳስቼ በአራተኛው ገባ፤ ጣቢያው ተከፈተ። እማማ መረቁኝ፣ ቡና አፈሉልኝ። አሮጌውን ሳጥን አንስቼ ልወስደው ስል ግን ያዝ አደረጉኝ።

«ይሄኛውስ ስንት ዓመት ይቆያል?»

ካርቶኑን አገላብጬ አየሁት። የቮልቱ መጠን ተጽፏል፤ የተሠራበት አገር ተጽፏል፤ ክብደቱ ሳይቀር ተጽፏል። እማማ የጠየቁኝ ግን አልተጻፈም።

«አይናገርም እማማ» አልኳቸው።

«እንግዲያው ጠይቅልኛ! አንተ እንግሊዝኛውን ታውቅ የለ?»

እነሆ ጠየቅሁ። እናንተም ጠይቁ።

ቸር ወሬ ያሰማን!