መብራቱን ማን አጠፋው?

መኪና ልንገዛ ነበር፤ እኔና እጮኛዬ። ሁለት ዓመት ሙሉ ዕቁብ ጥለን፣ ካፌ መቀመጥ ቀንሰን፣ ለሠርጉ ካሰብነውም ላይ ቆንጥረን ያጠራቀምናት ገንዘብ ነበረችን። ደላላው በቀን አራት ጊዜ ይደውላል። «ወንድሜ፣ እንዲህ ያለች መኪና ነገ አታገኝም። ሌላ ሰው ገንዘቡን ይዞ እየጠበቀ ነው» ይለኛል። መቼም የደላላ «ሌላ ሰው» ሁልጊዜ ገንዘቡን እንደያዘ ነው!

መኪናዋ ነጭ ናት፤ ከዐረብ አገር የገባች፣ ሊብሬዋ ንጹሕ፣ ቀለሟ የሚያብረቀርቅ። ሞተሯ ሲነሳ ድምጿ አይሰማም። ዳሽቦርዷ ላይ አንድም መብራት አይታይም። እጮኛዬ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሳታስመረምር ገንዘብ እንዳትሰጥ!» እሺ አልኳት። እሺ ባልኳት ዕለት ማታ ሃምሳ ሺህ ብር ቀብድ ከፈልኩ። አልነገርኳትም።

በማግስቱ የሰፈራችንን መካኒክ ይዤ ሄድኩ። ዕድሜው ከእኔ ያንሳል፤ ዘመኑ የወለደው ልጅ ነው። መፍቻም አልያዘም። መሪው ሥር ጎንበስ አለና የክብሪት ቀፎ የምታህል ዕቃ ሰክቶ ስልኩን አወጣ። ትንሽ ቆይቶ «ምንም ኮድ የለባትም» አለ። ደላላው ፈገግ አለ። እኔም ተነፈስኩ።

«ቆይ፣ ገና አልጨረስኩም» አለ ልጁ። ቀጥሎ ስልኩን ወደ እኔ አዞረው። ኮድ ከተሰረዘ ወዲህ የተነዳው ርቀት፦ 9 ኪሎ ሜትር። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ቀዝቅዞ ተነስቶ የሞቀው፦ 1 ጊዜ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ይቺ መኪና ዛሬ ጠዋት ነው ማስታወሻዋ የታጠበው» አለኝ።

እዚህ ላይ ወጌን ላቋርጥና ነገሩን ላስረዳችሁ፤ እኔም ያን ቀን ነው የገባኝ። የዛሬ መኪና ሆዱ ውስጥ ደርዘን ሙሉ ጠባቂ አለው። አንዱ ሴንሰር የሞተሩን ሙቀት ያያል፣ አንዱ የሚገባውን አየር ይለካል፣ ሌላው የሞተሩ ዘንግ በስንት ፍጥነት እንደሚዞር ይቆጥራል። አንዱ ካንዴላ ሳይለኩስ ከቀረ ዘንጉ ለቅጽበት ዘገም ይላል፤ ኮምፒውተሩ ያችን መዘግየት ነው የሚይዛት። ያየውን በኮድ ይጽፋል፦ ፒ 0301 ካለ የመጀመሪያው ሲሊንደር አልለኮሰም፤ ፒ 0300 ካለ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ እየሳተ ነው።

ይህ ሁሉ የመጣው በጭስ ምክንያት ነው። የሎስ አንጀለስ ሰማይ በመኪና ጭስ ሲታፈን የካሊፎርኒያ መንግሥት «መኪናው ራሱን ይመርምር፣ ሲበላሽም ለባለቤቱ ይንገር» አለ። እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡ የቤት መኪኖች በሙሉ አንድ ዓይነት ባለ 16 ቀዳዳ መሰኪያና አንድ ዓይነት የኮድ ቋንቋ እንዲኖራቸው ተገደደ። አውሮፓም እ.ኤ.አ. በ2001 ለቤንዚን መኪኖች ተከተለች። ያቺ ቢጫ የሞተር ሥዕል ያለባት መብራት የዚህ ሕግ ልጅ ናት።

ታዲያ መሣሪያ የያዘ ሰው ኮዱን በአንድ ንክኪ ይሰርዘዋል፤ መብራቱም ይጠፋል። በሽታው ግን የትም አልሄደም! ኮምፒውተሩ ደግሞ ችኩል ዳኛ አይደለም፤ ብዙውን ጥፋት በሁለት ጉዞ ደጋግሞ ካላየው መብራት አያበራም። ለዚህ ነው ሻጭ «ና፣ ንዳትና እያት» ሲላችሁ ደርሳችሁ እስክትመለሱ ምንም የማይበራው። ደላላ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ የማናውቀው እኛ ነን።

ደግነቱ መሰረዙ ራሱ ዱካ ይተዋል። እነዚያን ቁጥሮች ብዙ መኪኖች ይመዘግባሉ (ቆየት ያሉት ላይ ላይገኙ ይችላሉ)። ሌላም አለ። ኮምፒውተሩ የራሱ የፈተና ዝርዝር አለው፤ ኮድ ሲሰረዝ ፈተናው ሁሉ «አልተጠናቀቀም» ወደሚል ይመለሳል። ስለዚህ ኮድ የሌለባት ግን ፈተናዋን ያልጨረሰች መኪና ጤነኛ ናት አይባልም፤ ገና አልተመረመረችም።

ደላላው ፊቱ ተለዋወጠ። «ባትሪ ተነቅሎ ነበር» አለ። ልጁ አልተሳደበም፣ አልተጨቃጨቀም። «ሊሆን ይችላል፤ ባትሪ ሲነቀልም ይጠፋል። እንግዲያው ሦስት ቀን ትነዳና እንደገና እንያት» አለ። ባለቤቷ በስልክ ተጠየቁ፤ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ያለ ምንም ማንገራገር ፈቀዱ። ደላላው ግን «እምነት ከሌለ ገበያ የለም» እያለ አኮረፈ።

ሦስቱን ቀን እንዴት እንዳሳለፍኩ አትጠይቁኝ። እጮኛዬ ስትደውል ድምፄ ይርበተበታል። በሁለተኛው ቀን «ምን ሆነሃል?» ስትለኝ መዋሸት አቃተኝና ስለ ቀብዱ ነገርኳት። ዝም አለች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት መገናኛ አካባቢ መብራቷ ቦግ አለች። ኮዱ ፒ 0420 ነበር። ጭስ የሚያጣራው ካታሊስት ከፊቱና ከኋላው አንድ አንድ የኦክስጅን ሴንሰር አለው። የፊተኛው በ0.1 እና በ0.9 ቮልት መካከል ሽቅብ ቁልቁል ይላል፤ ማጣሪያው በትክክል ከሠራ የኋለኛው ረጋ ይላል። የኋለኛው የፊተኛውን ጭፈራ እንዳለ ከደገመው መሃል ላይ ምንም የሚያጣራ ነገር የለም ማለት ነው። ልጁ መኪናዋን አስነስቶ ሥሯ ገባ። ቱቦው ተቆርጦ እንደገና ተበይዷል፤ ውስጡ ባዶ ነው። ካታሊስት ውስጥ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም አለ፤ ስለዚህ አውጥቶ የሚሸጠው ሞልቷል። ባለቤቷ ሲነገራቸው ደነገጡ። እሳቸውም እንዲሁ ነበር የገዟት፤ መብራቱን ማን እንዳጠፋውም አያውቁም። ደላላውስ? ስልኩ ጥሪ አይቀበልም ይላል።

መቼም ለፈተና ብቻ ንጹሕ መምሰል የደላላ ሙያ ብቻ አይደለም። ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በ2015 የተያዘው በዚሁ ነው፤ የናፍጣ መኪኖቹ ሶፍትዌር ላቦራቶሪ ውስጥ እየተፈተኑ መሆናቸውን ያውቅና ጭሱን ይቀንሳል፣ መንገድ ላይ ሲወጡ ይለቀዋል። በዓለም ዙሪያ ወደ 11 ሚሊዮን መኪና! ፍንጩን ያገኙት የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው፤ መለኪያውን መኪናው ላይ ጭነው የካሊፎርኒያን መንገድ ነዱበት። እኛም በሦስት ቀን ያደረግነው ከዚህ ብዙም አይርቅም።

አንባቢ ሆይ፣ መሣሪያ ባይኖርህ እንኳ አንድ ነገር በነጻ ማየት ትችላለህ። ሞተሩን ሳታስነሳ ቁልፉን አንድ ደረጃ አዙር። የሞተሩም የኤርባጉም መብራት መብራት አለባቸው። ያልበራ ካለ አምፑሉ ተቃጥሏል፣ ወይም ሆን ተብሎ ተነቅሏል። የኤርባጉ መብራት ከዘይቱ መብራት ጋር እኩል የሚጠፋ ከሆነም ተጠራጠር፤ ሽቦውን ቀጥለው የሚያታልሉ አሉ። ትንሿ መሣሪያ ብዙ ጊዜ የሞተሩን እንጂ የኤርባጉን አታነብም፤ ለእሱ ጋራዥ ያለው ትልቁ ያስፈልጋል። እየነዳህ ሳለ የሞተሩ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ደግሞ ዳር ይዘህ አቁም፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን ካታሊስቱ ውስጥ ገብቶ ሊያቀልጠው ይችላል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ካገደ ወዲህ፣ እዚሁ ያሉት አሮጌ መኪኖች እጅ በእጅ እየተላለፉ ነው። የኤሌክትሪኳን የምታስቡ ደግሞ ጥያቄያችሁ ሌላ ነው፦ ባትሪዋ አዲስ ሳለ ከነበራት አቅም ስንት እጁን ይዛለች?

ባለቤቷ ቀብዱን መለሱልኝ፤ ደላላው «የድካሜ» ብሎ አስቀድሞ የቆረጣት አምስት ሺህ ስትቀር። እጮኛዬ ስለ አምስት ሺው አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ለአንድ ሳምንት ያህል ግን እኔንም አላናገረችኝም። ከዚያ አንድ ቀን ቦርሳዋን ከፈተችና የራሷን የክብሪት ቀፎ አወጣች፤ ገዝታዋለች!

አሁን መኪና ስናይ መሪው ሥር ጎንበስ የምትለው እሷ ናት። ትናንት ያየናት ግራጫ መኪና መብራቷ በርቷል፤ ኮዷም ፒ 0301 ነው። ባለቤቱ ገና በሩን ሳንከፍት «አንዱ ሲሊንደር አልፎ አልፎ ይስታል፤ ካንዴላ ቀይሬ አልተሻላትም፣ ኮይሉ ሳይሆን አይቀርም፤ ከዋጋው ላይ እቀንሳለሁ» ብሎ ነግሮን ነበር። እጮኛዬ ስልኳን አየችና ለእኔ አሳየችኝ፦ ኮድ ከተሰረዘ ወዲህ፣ 6,180 ኪሎ ሜትር። ነገ ከመካኒኩ ልጅ ጋር ተመልሰን እንሄዳለን።