ከከተማ ወደ ባሕር የሸሹ ወጣቶች

በደቡብ ኮርያ ዋና ከተማ በሴኡል፥ ከልጅነታቸው ጀምሮ በፈተና ሲሽቀዳደሙ ያደጉ ብዙ ወጣቶች ደመወዛቸው ለቤት መግዣ የማይበቃ ሆኖ አገኙት። ስለዚህ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2010 ጀምሮ ብዙዎች ከተማውን ትተው ጄጁ ወደምትባለው ደሴት ጐረፉ፤ በባሕሩም ዳር አንዳንዱ ቡና ቤት፥ አንዳንዱ የእንግዳ ማረፊያ ከፈተ።

ነገር ግን የመጪው ብዛት የመሬቱንና የቤቱን ዋጋ ከፍ አደረገው፤ የደሴቲቱ ደመወዝ ደግሞ አነስተኛ ነው። የሸሹት ኑሮ ተከትሏቸው መጣ። በ2023 ከደሴቲቱ የወጡት ከገቡት በለጡ።

በዚያው ባሕር ሄንዮ የተባሉ ሴቶች ያለ አየር መሣሪያ እየጠለቁ ቅርፊት ለባሽ እንስሳትን ይለቅማሉ። አብዛኞቹ ከ60 ዓመት በላይ ናቸው። የሙያቸው ዋና ትምህርት የትንፋሽን ልክ ማወቅ ነው፤ አንድ ልጨምር ብላ የዘገየች ትሰጥማለችና። ሲጠልቁም አንዲቱ ሌላዪቱን ትጠብቃለች።

ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ ከተማ መረረኝ ቢላችሁ ሰነፍ አትበሉት፤ ምሬቱ ምክንያት አለው። ነገር ግን ወዴት ትሄዳለህ ከማለት አስቀድማችሁ፥ በምን ሙያና ከማን ጋራ ትኖራለህ ብላችሁ ጠይቁት።