አዋጁ ዲማ ይድረስ

የደቡብ ሱዳን ጦርነት ለዲማ የሩቅ ወሬ አይደለም። ወረዳው በጋምቤላ ክልል ደቡባዊ ጫፍ፣ ከአኮቦ ወንዝ አጠገብ ስለሚገኝ፣ ከድንበር ማዶ ተኩስ በተሰማ ቁጥር ሸሽቶ የሚመጣው ሰው በዚህ በኩልም ይገባል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ከኢታንግና ከፑኝዶ ሌላ ዲማም በሺዎች ለሚቆጠሩ ሱዳናውያን መጠለያ ነበረች፤ ብዙዎቹም ያለ ወላጅ የመጡ ልጆች ነበሩ። በግንቦት 1983 መንግሥት ሲለወጥ ግን ካምፖቹ ተበተኑ፤ ሕዝቡም ወደ ሸሸው ጦርነት ተመለሰ። ዛሬ በዚሁ ወረዳ የኦኩጎ መጠለያ ጣቢያ አለ። በመላው ክልል የተጠለሉት ስደተኞች ወደ 400 ሺህ ይጠጋሉ፤ በ1999ኙ ቆጠራ የክልሉ ነዋሪ ራሱ 307 ሺህ ገደማ ነበር። ይህን ያህል ሕዝብ በእርዳታ እህል ብቻ ማኖር ስለማይቻል፣ መንግሥት ራሱ ያወጣውን የስደተኞች ሕግ ዲማ ላይ በሥራ ማዋል አለበት።

የእርዳታ እህል ምን ያህል አስተማማኝ እንዳልሆነ በ2015 አይተናል። የምግብ እርዳታ ላልታለመለት ዓላማ ውሏል በሚል ምክንያት፣ የዓለም ምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካ መንግሥት በሰኔ ወር ሥርጭቱን አቋረጡ። ለስደተኞች እንደገና የተጀመረው በ2016 መጀመሪያ ላይ ነው። በመካከሉ በነበሩት ወራት በጋምቤላ ካምፖች በረሃብና በተያያዥ ምክንያቶች ሰዎች መሞታቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ገልጿል። ሥርጭቱ ባልተቋረጠበት ጊዜም ቢሆን ራሽን ቤተሰብን ሙሉ ወር አያደርስም። እናት ካርዷን ይዛ ተሰልፋ ከምትቀበለው ማሽላ ላይ ጥቂቱን ለወፍጮና ለሳሙና ትሸጣለች፤ ለማገዶ ጫካ ስትወጣም ከአካባቢው ነዋሪ ጋር ትጋጫለች። ለጋሽ አገሮች በጀታቸውን በቀነሱ ቁጥር መጀመሪያ የሚጎድለው የእሷ ስፍር ነው።

መውጫ መንገዱ በሕግ ተቀምጧል። በጥር 2011 የጸደቀው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛው እንዲሠራ፣ እንዲንቀሳቀስና እንዲማር ይፈቅዳል። ስደተኞችንና ነዋሪውን በጋራ ለመጥቀም በሚቀረጹ ፕሮጀክቶች ላይ ደግሞ ስደተኛው እንደ ዜጋ እኩል እንዲስተናገድ ይደነግጋል። ዲማ ለም መሬት፣ ወንዝና ወርቅ ያላት ወረዳ ናት። የመስኖ እርሻ፣ የወፍጮ ማኅበር፣ ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት ለሁለቱም ወገን በጋራ ቢሠሩ፣ አዋጁ ያሰበው እዚህ በተግባር ይታያል።

«አገሪቱ የራሷን ተፈናቃይ መመገብ አቅቷት ለስደተኛ እንዴት ታስባለች?» የሚለው ጥያቄ ከባድ ነው፤ ቅሬታውም እውነት አለው። ሆኖም የሚጠየቀው ከመንግሥት ካዝና ቀለብ እንዲሰፈር አይደለም። ሠርቶ መብላት የቻለ ስደተኛ ሸክሙን ያቀላል፤ በጋራ የተቆፈረ የውኃ ጉድጓድም የዲማን ነዋሪ ያጠጣል።

ሁለተኛው ሥጋት ጸጥታ ነው። ዲማ በጥር 1996 በወርቅ ማውጫው ላይ የደረሰውን ግድያ አልረሳችም። በሚያዝያ 2008 ድንበር ተሻግረው የመጡ የሙርሌ ታጣቂዎች በክልሉ ከ200 በላይ ሰው ገድለው ከ100 በላይ ሕፃናት ወስደዋል። የክልሉ ነዋሪ የሆነው አኙዋውም ሆነ ኑዌሩ የሕዝብ ቁጥር ሚዛን እንዳይዛባ የሚያነሣው ሥጋት በንቀት የሚታለፍ አይደለም። ይሁን እንጂ በሚያዝያው ጥቃት የዘመቱት ታጣቂዎች እንጂ ከጦርነት የሸሹት እናቶችና ልጆች አልነበሩም። ድንበርን መጠበቅና መሣሪያን መቆጣጠር የመከላከያና የፖሊስ ሥራ ነው። ሰውን በካምፕ ውስጥ ማስራብ ይህን ሥራ አይተካም፤ ሥራ የፈታና የተራበ ወጣት ለታጣቂዎች ቀላል ምልምል እንዲሆን ያደርጋል እንጂ። የነዋሪው ፍርሃት የሚቀንሰው መሬቱ በግልጽ ስምምነት ሲለካና ከፕሮጀክቱ ጥቅም የእሱ ድርሻ አስቀድሞ ሲታወቅ ነው።

ስለዚህ የፌዴራል መንግሥት፣ የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎትና የክልሉ መስተዳድር ከዲማ ሽማግሌዎችና ከስደተኞቹ ተወካዮች ጋር ተቀምጠው፣ የሥራ ፈቃዱን፣ የእርሻ መሬቱንና የጋራ አገልግሎቱን የሚወስን የጊዜ ሰሌዳ ያውጡ። ለጋሾችም ገንዘባቸውን በዚህ ዕቅድ ላይ ያውሉ። አዋጁ ከወጣ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ የሚቀጥለው የራሽን ቅነሳ ሳይመጣ ሥራው ይጀመር።